በሞቴ ያልተባለበት መልቀቂያ

ኅዳር 3

ውርጩ ዛሬ ለጉድ ነበር። የመጋዘኑ ቁልፍ እጅ ላይ ይጣበቃል። ጧት ከገሳይ አንድ መኪና ገብስ ገባ። የማኅበራቸው ሊቀ መንበር ይሻው ራሱ ነው ይዞት የመጣ። እጄን ከጆንያው ከተትኩ… እርጥብ። ልመልሰው? ገበሬው ምን ይሆናል? ብቀበለው ደግሞ ይሻግትብኛል። ግቢው ውስጥ ሸራ ዘርግተን አሰጣነው። ይሻው እስከ ምሳ አብሮኝ ሲያገላብጥ ቆየ። ደግ ሰው ነው፤ ወሬው ግን ማለቂያ የለውም። ሰላምታው ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ከሰዓት የሠራተኛ ስብሰባ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሚልኪያስ… አዲስ እላለሁ እንጂ ከመጣ ክረምት አልፏል… ስለ ጠቅላላ ጉባኤው አነሣ። ባሕር ዳር ነው የሚደረገው። የገበሬ ማኅበራት ዩኒየናችንን የመጋዘን ሥራ ወይዘሮ ዓለሚቱ ቢያቀርቡልን ደስ ይለኛል አለ። ልቤ ዘለለች። እንደ ወጉ «ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ ለልጆቹ ይሁን» አልኩ። ማን አዋቂ ሰው ነው ወዲያው እሺ የሚል? አፌ ይህን ሲል እኮ በልቤ የምለብሰውን ቀሚስ እየመረጥኩ ነበር።

«እሺ፣ እንግዲያው ትዝታ ታቅርብ» አለና ጻፈው። ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ።

አንዴ «ኧረ እርስዎ ይሁኑ» ማለት ምን ይከብደዋል? ትዝታ እኮ ሚዛን ማንበብ ከእኔ የለመደች ልጅ ናት።

ኅዳር 4

«እሺ» አለ። ሰው እንዴት እንዲያው «እሺ» ይላል…

ኅዳር 6

የባሰ መጣ። ሚልኪያስ ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ አክብሮት አይጎድለውም፣ እሱስ እውነት ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ እንደከበደኝ ከዘበኛው ከአዳነ ሰምቷል አሉ። አንድ ተጨማሪ አስቀርጾ ለትዝታ ሰጥቷል። ትንሽ ይረፉ አለኝ።

አዎ፣ «ይኼ ቁልፍ ወገቤን ቆረጠኝ» እላለሁ። ስንት ዓመት ብያለሁ። ታዲያ ይባላል እንጂ! ቁልፍ የያዘ ሰው ቁልፉ ከበደኝ ይላል፤ ልጅ ያላት ልጁ አስቸገረኝ እንደምትለው። ውሰዱልኝ ማለት ነው እንዴ?

«እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። አዳነ በር ላይ ቆሞ «እሰይ፣ አረፍሽ እታለም» አለኝ። ላንቀው ምንም አልቀረኝ።

ለእማዬ ነገርኳት። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን እያዞረች ሰማችኝና «ልጁ እኮ ያልሽውን ነው የሰማሽ» አለች። ማን ስማኝ አለው አልኳት።

ኅዳር 8

ጻፍኩት። የመልቀቂያ ደብዳቤ።

ይኼ አራተኛዬ ነው። በቀድሞው ሥራ አስኪያጅ በአቶ ወልደሚካኤል ጊዜ ሦስቴ አስገብቻለሁ። አንዴ ዕድገት ሲያልፈኝ፣ አንዴ ሒሳብ ሹሙ በሰው ፊት ሲያመናጭቀኝ፣ አንዴ ደግሞ… በምን እንደሆነ እንኳ ረሳሁት። ሦስቱንም ጊዜ ቤቴ ድረስ መጥተው ለምነውኛል። አቶ ወልደሚካኤል፣ የቦርድ ሰብሳቢውና የንስሐ አባቴ። ተደርድረው ይቀመጣሉ። «በሞቴ» ይላሉ። እምቢ እላለሁ። «በልጆቼ ሞት» ይላሉ። አንገቴን እደፋለሁ። በስተመጨረሻ የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን ሲያወጡ እሺ እላለሁ። ደብዳቤው እዚያው ይቀደዳል፣ ጠላ ይቀዳል። በማግሥቱ ቢሮ ስገባ ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። ከዚያ በኋላ ዓመት ያህል ማንም ቀና ብሎ አያየኝም። በዚህ መሥሪያ ቤት የተከበርኩት በደብዳቤዎቼ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

ከባለፈው ላይ ገለበጥኩት። ቀኑንና የሥራ አስኪያጁን ስም ብቻ ነው የቀየርኩ። እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ በገዛ ፈቃዴ ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ። በዩኒየናችን በንብረት ክፍል ኃላፊነት ሳገለግል መቆየቴ ይታወቃል። ሆኖም በግል ምክንያት ሥራዬን ለመልቀቅ የወሰንኩ ስለሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ የአንድ ወር ቅድመ ማስጠንቀቂያ የሰጠሁ መሆኔን እየገለጽኩ፣ የንብረት ርክክብ የሚደረግበት ሁኔታ እንዲመቻችልኝ እጠይቃለሁ። እስካሁን ለተደረገልኝ መልካም ትብብር ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ።»

ጨዋ ደብዳቤ ነው። ስድብ የለበት፣ ወቀሳ የለበት። «በግል ምክንያት» የሚለውን ሲያይ ቅር እንዳለኝ ያውቃል። ያልገባው ካለ ይጠይቃል። ጠያቂ አይጠፋም።

ሚልኪያስ ቢሮ አልነበረም፤ አንበሳሜ ለቅሶ ሄዷል፣ የተወለደበት ነው። ለመዝገብ ቤት ሰጠሁ። ቁጥር ሰጡና ማኅተም መቱበት። በአቶ ወልደሚካኤል ጊዜ ማኅተም ነክቶት አያውቅም ነበር… ምን ቸገረኝ፣ የሚቀደድ ወረቀት።

ኅዳር 9

እግሬን ራስ ምታት አሞኛል ብዬ ቀረሁ። (ምን እንዳልኩ እንኳ አላውቅም፣ ራሴን ለማለት ነው።) ቤቱን አጸዳሁ። ከዕድራችን አግዳሚ ወንበር ተውሼ አመጣሁ፤ የእኛው ሦስት ሰው አይችልም። ጠላ ከጎረቤት አስቀዳሁ። ነጭ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ከዚያ የጠበቅኳቸው እንዳይመስል ብዬ አወለቅኩና የቤቱን ለበስኩ።

እማዬ ማን ሊመጣ ነው አለች። ማንም አልኳት።

ማንም አልመጣም።

ኅዳር 10

 

ጧት ገባሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ፖስታ። አንድ ልብ «የስብሰባ ጥሪ ነው» አለኝ። ከፈትኩ። «በቀን 08/03 ያቀረቡት የሥራ መልቀቂያ ጥያቄ ተቀባይነት ያገኘ መሆኑን እንገልጻለን…» ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ። ደግሜ አነበብኩ። ስሙ የእኔ ነው። «ለዩኒየኑ ለብዙ ዓመታት ስላበረከቱት የታመነ አገልግሎት ከፍተኛ ምስጋና እያቀረብን፣ በቀጣይ ሕይወትዎ መልካሙን ሁሉ እንመኛለን።» ፈርሟል። ፊርማው ሳይንቀጠቀጥ፣ ጥርት ብሎ።

ተቀባይነት… ማን ተቀበሉኝ አለ?

ጆሮዬ ጭው አለ። ትዝታ ከሚዛኑ ጋ ሆና ገበሬ ታነጋግራለች፣ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ የለም። አዳነ የገባ መኪና አለ ብሎ ሲጠራኝ እንኳ በስንት ጥሪ ሰማሁት። ቀኑን እንዴት እንደዋልኩ እግዜር ይወቀው። ጆንያ ቆጥሬ ፈርሜያለሁ፣ ምን እንደፈረምኩ አላውቅም።

ከእኔ ደመወዝ ሌላ እኮ ወደዚህ ቤት የሚገባ ነገር የለም። የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የቤት ኪራዩ… እኔ ምን ነክቶኝ ነው?

ኅዳር 11

ወንበሩን ለዕድር መለስኩ። ዕቃ ቤት ጠባቂው እንግዶቹ መጡ ወይ አለኝ። መጡ አልኩት።

ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ያቃጥላል፣ ከተማው በጭስ ታፍኗል። ከእማዬ ጋር ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ስንመለስ ነገርኳት። መደበቅ አልቻልኩም። መንገድ ላይ ቆመች። በምርኩዟ ተደግፋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ፈረመልሽ?»

«ፈረመ።»

«ሽማግሌ ሳይልክ?»

«ሳይልክ።»

ጥቂት ሄደች። ከዚያ «ሲግደረደሩ ጦም ያድሩ» አለችና ሳቀች። እናቴ ሳቀችብኝ። ተናደድኩ። ሰው ቤት ስንሄድ ጭኔን እየቆነጠጠች «ሦስቴ ሳይሉሽ እጅሽን እንዳትሰጂ» ያለችኝ ማን ሆነና? እሱን አነሣሁባት። «እሱ እኮ ለምግብ ነው ልጄ» አለች። «ለእንጀራሽም ነው አልኩሽ?»

ቤት ከገባን በኋላ ግን ጓዳ ሄዳ ስታለቅስ ሰማኋት።

ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ። ቢሮ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በእኔ ቦታ የውስጥ ውድድር። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ማንም አይጠይቀኝም። ሒሳብ ሹሙ እንኳ ተነሥቶ ወንበር ለቀቀልኝ። የሞተ ሰው ዘመድ ያደረጉኝ ይመስላል።

ትዝታ ምሳ ሰዓት ላይ መጋዘን መጣች። ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች።

«እትዬ ዓለሚቱ፣ ልወዳደር ወይ? አትወዳደሪ ካሉኝ አልወዳደርም።»

«ተወዳደሪ እንጂ። ከአንቺ ወዲያ ለማን ይገባል?» አልኳት።

ወይ አፌ። ይህን ስል እኮ «ኧረ እርስዎ እያሉ» ትላለች ብዬ ነው። ጉልበቴን ስማ ሄደች። ተመዘገበች።

ኅዳር 18

አቶ ወልደሚካኤል ቤት ሄድኩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጓሯቸው ውስጥ ከጌሾና ከአትክልት ጋር ነው የሚውሉ። እንዲያስታርቁኝ ነው የሄድኩ። ማለት… ለሚልኪያስ አንድ ቃል እንዲሉልኝ። አንድ ቃል ብቻ፤ ቀሪውን እሱ ያውቅበታል። እንግዳ ነኝና ባለቤታቸው ወይዘሮ ማርታ ቆሎ አቀረቡ። እንዲሁ ስለ አየሩ፣ ስለ ገብሱ አወራን። ከብዙ ዙሪያ ጥምጥም በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባሁ።

አቶ ወልደሚካኤል ቆሎውን ከእጃቸው ወደ ሳህኑ መለሱት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። ሦስተኛውን እኔም ፈርሜው ነበር።»

አልገባኝም። ምኑን?

«ደብዳቤሽን። ሰለቸኝ። ፈርሜ ኪሴ ከትቼ ቤት ገባሁ። ማርታ ናት የቀደደችው። ነገ ሽማግሌ ይዘህ ትሄዳለህ አለችኝ፣ ሄድኩ።»

ወይዘሮ ማርታን አየኋቸው። ወለሉን ነው የሚያዩት። «እንዲያው እናትሽ አሳዝነውኝ» አሉ።

ያን ቀን በልጆቼ ሞት ሲሉኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር እኮ። ስንት ዓመት ያን እንባ ይዤ ስኮራ የኖርኩት… ፈርመው መጥተው ነው? ሰው ሁሉ ብድግ ሲልልኝ፣ ያኔ ምን እያሉ ነበር በልባቸው?

ቆሎውን እንኳ ሳልቀምስ ወጣሁ። «ኧረ ዝገኝ» አሉኝ። ለዛሬ እውነትም አልበላልኝ አለ።

ኅዳር 20

እማዬ ለሦስት ቀን ምን ሆንሽ አለችኝ። አልነገርኳትም። በእሷ አዝነው እንደሆነ እንዴት ይነገራል?

ኅዳር 24

ዛሬ ራሴ ሄድኩ። ለማኝ ሳልልክ።

ጧት ተነሥቼ እመለሳለሁ፣ እናገራለሁ፣ ልቅር እላለሁ ብዬ ወሰንኩ። ሚልኪያስ ቢሮ ገባሁ። ደህና አደሩ፣ ደህና አደርሁ። የእርጥቡን ገብስ ነገር አነሣሁ። የአይጥ መድኃኒት ማለቁን ነገርኩት። ስለ ጣራው ቀዳዳ ነገርኩት። እስክርቢቶውን አስቀመጠና «ወይዘሮ ዓለሚቱ፣ የመጡበትን ይንገሩኝ» አለ።

«ልቅር ብዬ ነው» አልኩ። እንዲያው እንደ ሳል ወጣ።

ፊቱ ተለወጠ። ደነገጠ… እሱም። የትዝታን የሹመት ደብዳቤ ጧት እንደገባ ፈርሞታል። በእሷ ቦታም ልጅ ተቀጥሯል።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ለምን አልለመኑኝም?»

ይህን ለአለቃዬ ተናገርኩ። እኔ።

ከዚያ አንድ ታሪክ ነገረኝ። መጀመሪያ ይሠራበት በነበረ ከተማ ውስጥ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ልልቀቅ ብሎ አመለከተ። ጎበዝ ሠራተኛ ስለሆነ ሚልኪያስ ሽማግሌ ይዞ ቤቱ ሄደ። በሞቴ አለው። ሰውዬው አቀርቅሮ ቆየና ቀረ። «ሚስቱና ልጆቹ ሐዋሳ ነበሩ» አለ ሚልኪያስ። «ወደ እነሱ ሊሄድ ነበር። ለእኔ አልነገረኝም፣ በይሉኝታ ቀረ። በዓመቱ ትዳሩ ፈረሰ። አንድ ቀን ‹ልሂድ ስልህ ምነው ብትሰማኝ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ያለኝን እሰማለሁ ብዬ ማልሁ። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ እኮ አሞኛል። ሊሄዱ ከፈለጉ ላስቸግርዎት አይገባም አልሁ።»

ስንት ሌሊት የረገምኩት ሰው አክብሮኝ ነው።

ከትዝታ ሥር ረዳት ሆኜ ብቀጥል ቦርዱን እንደሚያስፈቅድ ነገረኝ። አይ አልኩ። እስክርቢቶውን መልሶ አነሣ።

«አሁን ‹አይ› ያሉኝ እውነት አይ ነው? እኔ መለየት አልችልም።»

«ይኼኛው እውነት ነው» አልኩት።

ኅዳር 25

«እርስዎም ደነገጡ» ልለው ነበር የረሳሁት። ፊቱ አይጠፋኝም። አንበሳሜ ተወልዶ፣ እንደ እኔ ሦስቴ ኧረ ብላ እየተባለ አድጎ… እንዴት ተወው? ሰው እንዲህ ያለውን ነገር መተው ይችላል ለካ?

ታኅሣሥ 2

ርክክብ ተጀመረ። ዘሩን፣ ሸራውን፣ ሚዛኑን፣ የተቀደደውን ጆንያ ሳይቀር እያየን እንፈራረማለን። እኔ እጠራለሁ፣ ትዝታ ትጽፋለች። ቁልፎቹን ከወገቤ ስፈታ ቀለለኝ ማለት አልችልም። ባዶ ሆነብኝ። ቀበቶው ያለበት ቦታ እስካሁን ያሳክከኛል።

የመጨረሻው ክፍል ስንደርስ ትዝታ እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። ቢሮ ያወራሁትን ሰምታለች።

«እትዬ፣ ልተውልዎት። ሄጄ አልፈልግም እላለሁ።»

አየኋት። የልቧ ነው? ወይስ እንደ እኔ ናት? አላውቅም። በሕይወቴ ስንት ሰው «ልተውልሽ» ብሎኛል፣ ስንቱን እውነት ብዬ ወሰድኩ፣ ስንቱን ወግ ነው ብዬ ጣልኩ… ምኑንም አላውቅም። እሺ ብላት ነገ ቁልፉ ወገቤ ላይ ነው። እማዬ መድኃኒቷን ታገኛለች። አንድ ቃል ነው። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል።

«መተው ትፈልጊያለሽ? የእኔን ተዪው። አንቺ ትፈልጊያለሽ?»

አቀረቀረች።

«አልፈልግም» አለች። ድምጿ አይሰማም።

«ጮክ ብለሽ።»

«መተው አልፈልግም።»

«እንግዲያው አትተዪ። ጻፊ፣ ሸራ፣ ያልተቀደደ…»

ሁለታችንም አለቀስን። ሸራ እየቆጠርን።

ታኅሣሥ 8

የመጨረሻ ቀኔ። ሽኝት አደረጉልኝ። አዳራሹን አበባ ሰክተውበታል። ጋቢ አለበሱኝ። ሚልኪያስ አጭር ንግግር አደረገ፣ ያጋነነው ነገር የለም፣ ስለ እርጥቡ ገብስ ተናገረ። መልሼው ቢሆን ገበሬዎቹ ለነጋዴ በርካሽ ይጥሉት ነበር አለ። ይህን ማየቱን አላወቅሁም ነበር።

ከዚያ የጾም ምግብ ዞረ። አስተናጋጇ ልጅ ከጭልፋዋ ጋር ፊቴ ቆመች። «ልጨምርልዎት?» «ኧረ በቃኝ» አልኩ። ሳህኔ ላይ ገና አንድ ጭልፋ ሽሮ ነው ያለ። ልጅቷ «እሺ» ብላ አለፈች።

ቤት ስገባ ሆዴ ይጮሃል። ለእማዬ ነገርኳት። ተያይተን ሳቅን፤ እሷም እኔም፣ እስክናነባ።

ታኅሣሥ 16

ጧት ተነሥቶ የሚሄዱበት የለም። በለመደ እግሬ እስከ ዋናው መንገድ ሄጄ ተመለስኩ። የጎረቤት ሰው «ዕረፍት ወጣሽ?» ይላል። አዎ እላለሁ።

ሥራ ፍለጋ ሁለት ቦታ ጠየቅሁ። ዕድሜዬን ሲያዩ እንደውልልሻለን ይላሉ። ይኼንንስ እንደ ወግ ነው የምሰማው ወይስ እንደ እውነት?

ታኅሣሥ 21

ምንም።

ታኅሣሥ 30

ገና አለፈ። ዶሮ አልታረደም፤ እማዬ ዘንድሮ ጨጓራዬን አሞኛል ዶሮ አልፈልግም አለች። ታላቅ ወግ ዐዋቂ ናት እሷ። ቀና ብዬ አላየኋትም። ትዝታ በዓል ልትጠይቀኝ መጥታ እንቁላልና ዘይት ይዛ ነበር። «ይኼን ለምን አመጣሽ፣ መልሺ» ልል አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ያስፈልገን ነበር» አልኩ። ልጅቷ ደንግጣ አየችኝ። እማዬም።

ጥር 4

ዛሬ የሆነውን ሳልረሳ ልጻፍ።

ከቀትር በፊት በር ተንኳኳ። ይሻው ነው፣ የገሳዩ። ከኋላው ሁለት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎችና የደብራቸው ቄስ። ደነገጥኩ፤ ሰው የሞተ መሰለኝ። ገቡ። የእኛ ወንበር አልበቃም፤ ይሻው ሳጥን ላይ ተቀመጠ። የተዋስኩት አግዳሚ ቢኖር ኖሮ…

ሰላምታው ተጀመረ። ከብቱ፣ ዘመድ አዝማዱ፣ የዘንድሮው ውርጭ። ከዚያ ይሻው ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ እታለም፣ ከደጅሽ የመጣነው…» ብሎ ያዘው። እያንዳንዱ ሽማግሌ የሚለው ተከፋፍሏል፣ ያስታውቃሉ። መንገዱን ሁሉ ሲለማመዱት ነው የመጡ። ነገሩ በስንት ዙር ገባኝ፦ የገሳይ መሠረታዊ ማኅበር መጋዘን ሠርቷል። ኃላፊ የለውም። ከዩኒየኑ ደመወዝ ያንሳል፣ ቤት ግን ይሰጣሉ፣ ለእናቴም ጭምር። ያን ቀን ገብሳቸውን ሸራ ላይ ማስጣቴን ገበሬዎቹ አልረሱትም።

ይሻው ገና «ማነሱን እናውቃለን፣ እምቢ ማለትሽም አይቀር…» እያለ ነው።

«እመጣለሁ» አልኩ።

ሁለተኛው ሽማግሌ ተራውን ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ እንደተከፈተ ቀረ። ቄሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ነበር፤ መልሰው ከተቱት። ይሻው እኔን ያያል፣ እማዬን ያያል።

«ምነው… ገና እኮ አልለመንሽም።»

«ሰምቻችኋለሁ። እፈልገዋለሁ። ሥራውን እፈልጋለሁ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ጠጋ ብሎ ለጓደኛው «አሟት ይሆን እንዴ» ሲለው ሰማሁት። እማዬ ከአልጋዋ ላይ ሆና መቁጠሪያዋን አቁማለች።

«አንድ ነገር ግን አስቸግራችኋለሁ» አልኩ። «አንድ ቀን ልልቀቅ ብዬ ደብዳቤ ብጽፍ፣ ሽማግሌ አትላኩ። ከልቤ ነው የምጽፈው። ፈርሙልኝ።»

ይሻው ከሳጥኑ ላይ ብድግ አለ።

«ኧረ በሞቴ እንዲህ አትበይ እታለም፣ ሳትጀምሪ?»

በሞቴ አለኝ።

ከኅዳር ጀምሮ አንድ ሰው እንዲለኝ ስጠብቀው የነበረ ቃል ነው። ወንበር ተውሼ፣ ጠላ አስቀድቼ የጠበቅሁት። ሳልጠይቀው፣ እሺ ካልኩ በኋላ መጣ። ልስቅ ፈልጌ አለቀስኩ፣ ድምፅ አውጥቼ፣ በእንግዳ ፊት። ሽማግሌዎቹ የባሰውን ደነገጡ። ቄሱ ውኃ ስጧት አሉ።

ሰኞ እንሄዳለን። ገሳይ ይበርዳል፤ የሽኝቱን ጋቢ ለእማዬ አለብሳታለሁ። «ላንቺ ይሁን» ትላለች። እውነቷን እንደሆነ እጠይቃታለሁ።